የነጭ ወፏ ሦስት ጨዋታዎች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ዓመታት ተከድኖ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ድንገት ተፈለገና እኔው አቧራውን በጨርቅ ጠርጌ፣ ሶኬት ላይ ሰክቼ ቁልፉን ተጫንኩት፤ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ከጀርባው ያ የሞቀ አቧራ ሽታ፣ የጋለ ፕላስቲክና የቆየ ብናኝ የተደባለቀበት ሽታ ወጣ። ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ለመክፈት ሲሯሯጡ እኔ ወንበር ስቤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ምን ላድርግ፣ ለእነሱ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን ያደግሁበት መካነ ሰላም ነው፣ የዘጠነኛ ክፍል ዓመቴ ነው፣ ጦይባ ናት።

ጦይባ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ፣ በትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጥ እኩያዬ ነበረች። ታላቅ እህቷ እትዬ ሩቅያ ጅዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ሌላው ተመላሽ ወርቅና ብርድ ልብስ ሲያመጣ እሷ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ኮምፒውተር ይዛ መጣች፤ ሰፈሩ ሁሉ ጉድ አለ። የፊት ለፊቷን ክፍል በር ወደ መንገድ አስከፍታ «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ጽሑፍ አስለጠፈችና ሥራ ጀመረች። በገበያ ቀን ከከላላ በበቅሎ የመጣ ገበሬ ማመልከቻ ሊያስጽፍ፣ ከማሻ የመጣ አስተማሪ ፈተና ሊያስተይብ ይሰለፋል። እትዬ ሩቅያ በዚያ ከወገቧ ቀና በማትልበት ሥራ መካከል ለእናቷም፣ ለእኛም፣ ለደንበኛውም ሳትሰለች የምትናገረው አንድ ነገር ነበራት፦ «ይቺ ቤት ከቆመች ጦይባ ዐረብ አገር አትሄድም። እኔ ያየሁትን አታይም፤ ትማራለች፣ ኢንሻአላህ።»

ይህ ቀላል ቃል አልነበረም። በኛ ክፍል ሴቶቹ አንድ በአንድ ይጎድሉ ነበር። ሰኞ የነበረች ልጅ ሐሙስ ትጠፋለች፣ ስም ሲጠራ ዝም ይባላል፣ መምህሩም ቀና ብሎ ሳያይ ቀጣዩን ስም ይጠራል። የጦይባ ስም ተጠርቶ ዝም እንዳይባል የፈለግሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። እናም ለዚያች ቤት የምንችለውን እናደርግ ነበር፤ ወረቀት እንቆጥራለን፣ ደጁን እንጠርጋለን፣ ደንበኛ ሲበዛ ጽሑፉን እናነብላታለን፤ እሷ ትጽፋለች።

ደንበኛ ሳይኖር ግን እንጫወታለን። ከኮምፒውተሩ ጋር፣ እትዬ ሩቅያ ትሠራበት ከነበረው ቤት ልጅ ተርፈው የመጡ ሦስት ሲዲዎች ነበሩ። ሦስቱም የአንድ ኩባንያ ሥራ ናቸው፤ ሲከፈቱ አንዲት ነጭ ወፍ ከግራ ወደ ቀኝ ትበርና ትጠፋለች፣ ስለዚህ ሠሪዎቹን «የነጭ ወፏ ሰዎች» እንላቸው ነበር። እንደ ሌላው ጌም መተኮስና መሮጥ ብቻ አይደሉም፤ አንድ ሰው ሆነሽ ትኖሪያለሽ፣ መንደር ለመንደር ትዞሪያለሽ፣ ጓደኛ ታፈሪያለሽ፣ ቃል ትገቢያለሽ፣ ቃልሽንም ወይ ትጠብቂያለሽ ወይ ትበያለሽ። እንግሊዝኛውን ከፕላዝማ ቴሌቪዥኑ መምህር በሰማነውና የመጀመሪያው ሃያ ገጹ በተቀደደ መዝገበ ቃላት እንታገለዋለን። በ«ኤ» የሚጀምር ቃል ከመጣ አለቀልን፣ በግምት ነው የምናልፈው።

አንደኛው ጨዋታ መልኩ አያድርስ ነው። ሰዎቹ ከሳሙና የተቀረጹ ይመስላሉ፣ ሲራመዱ እግራቸው መሬት አይነካም፣ ውጊያው ደግሞ በተራ ነው፤ እሱ ይመታሻል፣ ትቆሚያለሽ፣ ትመቺዋለሽ፣ ይቆማል፤ እንደ ዕድር ስብሰባ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። እኔ በንዴት ጠረጴዛ እደበድባለሁ። ጦይባ ግን ከሦስቱ እሱን ትወድ ነበር፣ ምክንያቷም አንድ ነበር፦ ሰዎቹ አይረሱም። ላሟ የጠፋባትን ሴት «እፈልግልሻለሁ» ብለሻት ሄደሽ ከብዙ ጉዞ በኋላ ብትመለሺ፣ ደጇ ላይ ቆማ «ላሜስ?» ትልሻለች። አንድ ቀን በስህተት የአንድ ሽማግሌ ቤት ገብተን ሣጥኑን ብንከፍት መንደሩ ሁሉ በሩን ዘጋብን፤ ጦይባ ከማዘን ይልቅ ደስ አላት። «አየሽ፣ እነዚህ ሰዎች ሥርዓት ያውቃሉ፤ ያሳደጋቸው ሰው አለ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ የማንንም ሣጥን ላንነካ ተማማልን።

ሁለተኛው የኔ ነበር። ያ ደን፣ ያ ዝናብ! ከቅጠል ቅጠል ሲንጠባጠብ ድምፁ ይሰማል፤ ክረምት ላይ እዚያው አገራችን ያለው ደንቆሮ የሚባለው ጫካ ውስጥ የገባሁ ያህል ይበርደኝ ነበር። አብረውሽ የሚጓዙት አራት ጓደኞች ይጨቃጨቃሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ ይታረቃሉ። ስማቸውን እኛ ነበርን የምናወጣው፤ ጎራዴ የያዘችውን ጦይባ አልኳት፣ ቁስል የምታክመውን እሷ ሰብለ አለቻት፤ ሰብለ ማለት እኔ ነኝ። ምን ዋጋ አለው፣ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለ፣ ወደ ጎን መውጣት የለ፣ እንደ በግ ይነዱሻል። መጨረሻውማ የጉድ ነው። ሠሪዎቹ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞባቸው ወጡን ሳይበስል ያወጡት ይመስል፣ ያ ሁሉ ታሪክ በሁለት አረፍተ ነገር ተቋጨ። ጦይባ ለአንድ ወር ስታሾፍብኝ ከረመች። «ያንቺ ጨዋታ እንደ ቆንጆ ሙሽራ ነው፣ አፏን ስትከፍት ነው የምታሳፍረው» ትል ነበር።

ሦስተኛውን ስንከፍት ሁለታችንም አፋችንን ያዝን። ዓለሙ አያልቅም፤ በፈረስ ብትጋልቢ ብትጋልቢ ተራራ ተራራን ይወልዳል፣ ማንም ወዴት ሂጂ አይልሽም። ውጊያውም ፈጣን ሆኗል። ነገር ግን ሰዎቹ! ያ ላሟን የማትረሳ ሴት የሠሩ ሰዎች እንዴት እንዲህ ያለ ሕዝብ እንደሠሩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። መቶ ሰው ብታናግሪ መቶውም አንድ ቃል ነው የሚልሽ። ደግሞ የማንም ንብረት የማንም አይደለም፤ ባለቤቱ ቆሞ እያየ ሣጥኑን ብትገለብጪ «ቀንሽ ይባረክ» ይልሻል። ጦይባ በዚህ ተቆጣች። «ወላሂ ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶታል? ቤቱ ሲዘረፍ ይመርቃል?» አለችና ባይቆጣም ሐራም ሐራም ነው ብላ መሐላችንን አጸናችው። ለካ ጨዋታው የተሠራው ሣጥን እየከፈቱ እንዲያድጉበት ነው፤ ጋሻው፣ ጎራዴው፣ መድኃኒቱ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። እኛ ግን በር ላይ «ቤቶች!» ብለን ገብተን፣ ሁሉንም ሰላም ብለን፣ ባዶ እጃችንን እንወጣለን። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ዋሻ የሚጠብቅ ቤት የሚያክል ግዙፍ በእንጨት ዱላ ስንገጥም፣ ስንሞት፣ ስንነሣ ከረምን።

ሌላም ነውር ነበረው፣ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። አንደኛውንም ሁለተኛውንም የትም ቦታ ቆመሽ የደረስሽበትን ማስቀመጥ ትችያለሽ፤ መብራት ቢጠፋ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ሦስተኛው ግን ማደሪያ ቤት ገብተሽ ካልተኛሽ በቀር የሠራሽውን አያስቀምጥልሽም፤ ሠሪዎቹ መብራት የሚጠፋበት አገር ሰው ይጫወተዋል ብለው አላሰቡም። የእትዬ ሩቅያ ትእዛዝ ደግሞ አጭር ነበር፦ አምፖሉ ሁለቴ ጥቅስ ካደረገ ኮምፒውተሩን ማጥፋት፤ ደብዳቤም ይጥፋ፣ ፈተናም ይጥፋ፣ ማጥፋት።

መሐላውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ጦይባ የከሰዓቱን የዐስር ሶላቷን ልትሰግድ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ እኔ መንደሩን እገለብጠው ጀመር። ተመልሳ አዲስ ጋሻ ስታይ «ከየት መጣ?» ትለኛለች፣ «ገዛሁት» እላታለሁ፣ «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነጋዴ ነሽ» ትለኛለች። በመጨረሻ የዋሻውን ግዙፍ ጣልን፤ እቅፍ አድርጋኝ ዘለለች። እኔም አብሬ ዘለልኩ፣ ፊቴ ግን ይቃጠል ነበር።

አንድ ከሰዓት እትዬ ሩቅያ ቀለም ልታመጣ ወረኢሉ ሄዳ፣ ጦይባም ወደ ሶላቷ ገብታ፣ እኔ ብቻዬን አንድ የፈረሰ ግንብ ውስጥ ገብቼ፣ ለወራት ስንፈልገው የነበረውን ሰይፍ አገኘሁ። ማደሪያ ቤቱ ከሸለቆው ማዶ ነው። ፈረሴን አዙሬ መጋለብ ስጀምር አምፖሉ ጥቅስ አለ። ጋለብኩ። እንደገና ጥቅስ አለ። «አንዴ ብቻ፣ ደረስኩ፣ ደረስኩ» እያልኩ ጋለብኩ። ጠረጴዛው ሥር የተቀመጠው፣ የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥነው የስታብላይዘሩ መርፌ ከጫፍ ጫፍ እየዘለለ ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ አላየሁም አልልም። የማደሪያው ደጃፍ ላይ ስደርስ አምፖሉ እንደ ፀሐይ ቦግ አለና ጧ! አለ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጭስ ወጣ።

ጦይባ ሻሿን እያስተካከለች ሮጣ መጣች፤ ሶኬቱን ነቀለች፣ ጭሱን በነጠላዋ አራገበች፣ እኔን አየችኝ። እኔ እንደ ግንድ ደርቄያለሁ። አባቴ ፈተና እስኪያልፍ እዚያ ቤት ደጃፍ እንዳልደርስ ከልክሎኝ ነበር፤ ቢሰማ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ትከሻዬን ይዛ በጓሮ በኩል አስወጣችኝ። ማታ ግድግዳውን አልፎ የእትዬ ሩቅያ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለቅሶ ነበር። ከለቅሶው መሐል የጦይባን ቃል ሰማሁ፦ «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ ያቃጠልኩት፣ አፈር ልብላልሽ።» ያን ሌሊት ተነሥቼ በሩን ማንኳኳት እችል ነበር። አላንኳኳሁም።

ኮምፒውተሩ ለጥገና ደሴ ሄዶ ሞቶ ተመለሰ። ጽሕፈት ቤቱ ተዘጋ፣ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ዝናብ እስኪያጥበው ቆየ። ፈተናው ካለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጦይባ ሄደች። መናኸሪያ ቆሜ ሸኘኋት፤ ትልቅ ሰው ለመምሰል የእናቷን ጫማ አድርጋ ነበር፣ እግሯ ጫማው ውስጥ ይንሸራተታል። በመስኮት እጇን ዘርግታ «አብሽሪ ሰብሊዬ፣ አይዞሽ፣ አንቺ ብቻ ተማሪ» አለችኝ። መስከረም ላይ አስተማሪው ስሟን ጠራ፣ ዝም ተባለ፣ ቀጣዩን ጠራ።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ኮምፒውተርም ገዛሁ፣ የነጭ ወፏን ሰዎች ሥራም ከዚያ ወዲህ ያወጡትን ጭምር አንድ በአንድ ተጫወትኩ። ፍርዴን ተናገሪ ካላችሁኝ፣ ጦይባ ልክ ነበረች፤ ሰዎቹ ዓለም ባሰፉ ቁጥር ሰው መሥራት ረሱ። መልኩ አማረ፣ ሰማዩ ሰፋ፣ ማንም ግን ደጅ ላይ ቆሞ የገባሽውን ቃል አይጠይቅሽም። ይህን ለራሴ እላለሁ፤ የሚከራከረኝ ሰው ስለሌለ ሁልጊዜ እረታለሁ።

ጦይባ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ተመለሰችና ደሴ ድረስ ልትጠይቀኝ መጣች። ወፍራለች፣ ሳቋ ያው ነው፣ የእጇ ቆዳ ግን በሳሙናና በበረኪና ብዛት ተላልጧል። ምሳ አቀረብኩ፣ በላች፣ መረቀችኝ፣ እኔ ግን እዚያው ትሪው ላይ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። «ጦይብ፣ አንቺን የሰደድኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት፤ አምፖሉን፣ መርፌውን፣ ያላንኳኳሁትን በር፣ ሁሉንም ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ እጇን ታጠበች፣ በፎጣ አደራረቀች።

«ኧረ በአላህ ተይ! ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ነው የተሸከምሽ?» አለችኝ። «ፓስፖርቴ እኮ ኮምፒውተሩ ከመቃጠሉ በፊት ወጥቶ ነበር፣ ዕድሜዬ ሃያ አራት ተብሎ። አባባና አጎቴ ጨርሰውት ነበር። ሩቅያም አታውቅ፤ እሷ በዱአ የምታስቀረኝ መስሏት ነበር። ኮምፒውተሩ ቢቃጠልም ባይቃጠልም እሄድ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽማ ቁጭ ብለሽ ታለቅሺ ነበር» አለች፤ «እኔ ደግሞ የቀረችኝ ሁለት ወር ናት። መጫወት ፈልጌ ነበር።»

እኔ አሥራ አንድ ዓመት ያለቀስኩት ለተቃጠለ ኮምፒውተር ነው። እሷ ልጅነቷ የሚያልቅበትን ቀን እያወቀች፣ በየቀኑ ከሰዓት አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትስቅ፣ እኔ ዓይኔን ከኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አንሥቼ አላየኋትም።