አክተር ቁስሉን አይናገርም

የአባቴ ዓይን እየጠፋ መሆኑን የነገረኝ ሐኪም አይደለም፤ ፊልም ነው። ያውም አክሽን ፊልም፣ እሑድ ከሰዓት፣ ከቸርች መልስ ሳሎን ተቀምጠን እያየን። «እያየን» ያልኩትን ለጊዜው እንዳለ ተቀበሉኝ።

ሥራዬ አረካ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል። ቅዳሜ ከሰዓት በሚኒባስ ሶዶ እገባለሁ፣ ሰኞ በማለዳ እመለሳለሁ። ወንድሞቼ የየራሳቸውን ቤት ከያዙ ወዲህ ግቢው ውስጥ የቀሩት አባቴና እናቴ ናቸው። አባቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ጡረታ የወጣ፣ በቸርቻችን ሽማግሌ የሆነ፣ ኮት ሳይለብስ ከግቢ የማይወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እሑድ ከሰዓት ሕንፃ ሲፈርስና መኪና ሲጋይ ካላሳለፈ ቀኑ እሑድ አይመስለውም።

ዲሹ የሚስብልን የፊልም ጣቢያ ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚጻፈው ዓረብኛ ነው። እኛ ቤት የሚነገረው ደግሞ ወላይትኛ። እንግሊዝኛው እኔን ራሴን ግማሹ ያመልጠኛል፣ ዓረብኛው ለሁላችንም ጌጥ ነው። «ታዲያ እንዴት ይገባችኋል?» ለሚል እንግዳ አባቴ መልስ አያጣም። «ፊልም ሕግ አለው» ይላል፤ «ሕጉን ካወቅህ ቋንቋ ምን ያደርግልሃል?»

ሕጉን የተማረው በጉብዝናው ጊዜ፣ መናኸሪያው አጠገብ ከነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚው ላይ አብረውት የሚጨናነቁት ከየአገሩ የመጡ ሾፌሮችና ረዳቶች ስለነበሩ ክርክሩ በአማርኛ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬም ስለ ፊልም ሲያወራ አማርኛ ነው። የፊልም አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። እኔን ሴት ልጁን «ተመልከት» ይለኛል፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

በአባቴ ሕግ ዋናው ሰውዬ «አክተር» ይባላል፤ ሌላው ሁሉ አጃቢ ነው። አክተር አይሞትም። ጓደኛው ግን የልጁን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ካሳየ አለቀለት፤ ጥይቱ ሳይተኮስ አባቴ «ለቤተሰቡ ይነገር» ይላል። የወንበዴዎቹ አለቃ ሽጉጥ ደግኖ ንግግር ከጀመረ ደግሞ ተሸነፈ ማለት ነው። «መግደል የፈለገ ሰው ስብሰባ አይጠራም» ይላል አባቴ፣ ዕድሜውን ሙሉ ስብሰባ ያሰለቸው ሰው ነውና።

እኔ የምወደው አስፈሪውን ነው። እናቴ «የሰይጣን ፊልም» ስለምትለው ድምፁን ቀንሰን እናያለን። እዚያም ሕግ አለ፤ ሙዚቃው ቀጥ ካለ የሆነ ነገር ይዘላል፣ መጀመሪያ የሚዘለው ግን ድመት ነው። «ለድመት አትደንግጥ፣ ሁለተኛውን ጠብቅ» ይለኛል። እናቴ በሳሎኑ ስታልፍ አንዲት ሴት በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ ብቻዋን ወደ ጨለማው ስትወርድ ካየች ትቆማለች። የሚገርማት ሰይጣኑ አይደለም። «ይቺ ልጅ ጎረቤት የላትም?» ትላለች።

ከሕጎቹ ሁሉ አባቴ አብልጦ የሚወደው የቁስሉን ነው። አክተሩ ጎኑን ይመታል፤ ደሙን በእጁ ዳብሶ ያያል፣ ከዚያ ጃኬቱን ይዘጋል። ሴትየዋ ሮጣ መጥታ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ምንም» ይላታል። አባቴ እዚህ ጋ ሲደርስ ጭኑን መታ አድርጎ «አክተር ቁስሉን አይናገርም!» ይላል። ከማድቤት የእናቴ ድምፅ ይከተላል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!» በየሳምንቱ ይኸው ነው። እኔ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ እስቃለሁ።

ያ እሑድ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ በመስኮት የገባበት ቀን ነበር። የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር ቀርቦልናል። ፊልሙ መካከል ላይ አክተሩ ባቡር ጣቢያ ሄዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ሴትየዋ ቲኬት ቆርጣ ስትመለስ ሞቶ አገኘችው። ሙዚቃ የለም፣ ጩኸት የለም፣ የመጨረሻ ቃል የለም፤ ራሱ ብቻ ወደ ደረቱ ዘንበል ብሏል። ከዚያ ፊልሙ ያለ እሱ ቀጠለ። እንዲህ ያለ ሕገ ወጥነት ገጥሞን ስለማያውቅ አባቴ ምን እንደሚል ለመስማት ቸኮልኩ።

አባቴ ጎደሬውን በዳጣ እያጠቀሰ «አሁን አክተሩ ከኋላቸው ይመጣል» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ለመጨረሻ ነው ያስቀመጡት» አለ።

«አባ፣ ሞቷል እኮ።»

«ማን?»

«አክተሩ። ቅድም፣ ወንበሩ ላይ።»

«ሙዚቃ ሳይኖር?» ብሎ ሳቀ። «ተኝቶ ነው። በደንብ ተመልከት።»

የቀለደብኝ መሰለኝ። ወዲያው ስልኬ ጠራ፣ ለማነጋገር የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋሁት። አነጋግሬ ስጨርስ አባቴ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳደረገ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ አንድ መጋዘን በእሳት ይነዳል፣ ሰዎች ከፎቅ ይዘላሉ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለኝ።

ድምፁን መልሼ ለቀቅሁት፤ የእሳቱ ጩኸት ሳሎኑን ሲሞላው አባቴ እንደታወቀበት ገባው። እጁ ሳህኑን ፈለገ፣ ጠርዙን አገኘና እዚያው ቀረ። በመጨረሻ በወላይትኛ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ። ቋንቋውን ሲቀይር ነገሩ ከጨዋታ መውጣቱን አወቅሁ።

ቀስ በቀስ እንደነገረኝ፣ ቀኝ ዓይኑ ከሄደ ቆይቷል። ግራው ፊት ለፊቱ ያለችውን ጥቂት ነገር ያያል፣ እሷንም በጭጋግ ውስጥ። አሁን ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ይታየኝ ጀመር። በየማለዳው በር ላይ ቆሞ ወደ ተራራው ዞሮ «ዳሞታ ዛሬ ደመና ለብሷል» ይል የነበረው በክረምት ደመና የማይለብስ ቀን ስለሌለ ነው። ቸርች ምንባብ ሲሰጠው መጽሐፉን ገልጦ በቃሉ ይወጣው ነበር፤ እኛ ደግሞ እንዴት ያለ ንባብ ነው እያልን እንመካበት ነበር።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።

«የአባቴም ዓይን በዚሁ ነው የሄደው» አለ። «ሁምቦ እያለን በመጨረሻ የሚንቀሳቀሰው ሰው ዱላውን እየሳበለት ነበር። ጫፉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንቺ እንድትይዢልኝ አልፈልግም።»

አለቀስኩ። እንዳይሰማኝ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነው ያለቀስኩት፤ እንዳያየኝ መጠንቀቅ እንደማያስፈልገኝ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ባሰብኝ።

በዚያ ሳምንት አረካ ላይ ሥራዬን እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። ዝም ብል የቀረችው ዓይን ትሄዳለች። ብናገር ደግሞ አደራ መብላት ነው፣ ያውም የአባት አደራ። ያኔ የራሴ ፊልሞች ታወሱኝ። አስፈሪ ፊልም ውስጥ ጥላውን ቀድማ ያየችው ልጅ ለሌሎቹ አትናገርም። «ምን አየሽ?» ሲሏት «ምንም» ትላለች፤ ከዚያ በየክፍሉ ይበተናሉ፣ አንድ በአንድም ያልቃሉ። ስንቴ ነው ስክሪኑ ላይ «ንገሪያቸው፣ አንቺ ደደብ!» ብዬ የጮኽኩት? ለፈረንጅ ልጅ የምመክረውን ለራሴ ማድረግ አቃተኝ።

ቅዳሜ ሶዶ ስገባ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ማድቤት ገባሁ። እናቴ ጎደሬ ትልጣለች። የአባባ ዓይን አያይም አልኳት፤ እንዲሁ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ቢላዋውን አላስቀመጠችም። «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ታውቂያለሽ?»

«ጫማውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ የማኖርለት ለምን መሰለሽ? ሻይ ስሰጠው እጁን ይዤ የማስጨብጠው አዲስ ሙሽራ ሆኜ ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽው?»

«እኔ ዝም አልኩ?» ቀና ብላ አየችኝ። «በየእሑዱ ከዚህ የምጮኸው ለፈረንጁ መስሎሻል?»

ልጄ ላንቺ ልንገርሽ፣ ምራቴ አንቺ ስሚ የሚባለው ይኸው ነበር። እናቴ ለካ ያንን ሁሉ ጊዜ በአክተሩ አሳብባ ለባሏ ስትናገር ኖራለች፤ ራሱ አፍ አውጥቶ ይናገራል ብላ፣ ክብሩን ጠብቃ። ሦስታችንም አንድን ነገር አውቀን፣ ሦስታችንም እርስ በርስ ስንደባበቅ ሰነበትን። ማድቤቱ ውስጥ ቆሜ በአንድ ጊዜ ሳቄም እንባዬም መጣ።

እናቴ ቢላዋውን እንደያዘች ወደ ሳሎን ሄደች። «ሰኞ ሆስፒታል እንሄዳለን» አለችው። «ሦስታችንም።»

አባቴ ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሮ «ተናገርሽ» አለኝ። በማግስቱ ከቸርች መልስ ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም፤ አባቴ በረንዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ዋለ። አዘንኩ፣ በጣም አዘንኩ፤ መናገሬ ግን አልቆጨኝም።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁና በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀን ሄድን፣ አባቴ በኮቱ መካከላችን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን እንደጎዳው ቀስ ብላ አስረዳችው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት ግን ጠብታ አለ፣ ሳይቋረጥ ከተደረገ። «ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ፣ አባቴ» አለችው። አባቴ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አዙሮ «እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አላት። በዘር ስለሚመጣ ልጆቹም ይታዩ ስለተባለ እኔም ታየሁ። ደህና ነኝ፣ በየዓመቱ ግን ተመለሺ ተብያለሁ።

አሁን ጠብታውን የምታደርግለት እናቴ ናት። «ቀና በል» ትለዋለች፤ ያ ሁሉ ሽማግሌነት ቀርቶ ቀና ይላል። ኩርፊያውም ውሎ አድሮ ለቀቀው። እሑድ ከሰዓት እንደ ድሮው ሳሎን እንቀመጣለን፣ እኔ ድምፅ የሌለውን ነገር እነግረዋለሁ፣ እሱ ቀድሞ ይተነብያል። አንዳንዴ ከእኔ ንግግር የእሱ ትንቢት ይበልጣል።

ባለፈው እሑድ አክተሩ ጎኑን ተመታ።

«ጃኬቱን እየዘጋ ነው፣ አባ» አልኩት። «ደሙ በእጁ ላይ ይወርዳል። ሴትየዋ እየሮጠች መጣች።»

ምን ሆንክ ስትለው ሰማን፤ ይህቺን እንግሊዝኛ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። የአባቴ እጅ እንደ ልማዱ ከጭኑ ላይ ተነሳ። እኔም «አክተር ቁስሉን አይናገርም» እስኪል ጠበቅሁ።

«አሳያት እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ በወላይትኛ ነው የጮኸው። «አሳያት፣ አንተ ሞኝ!»

ከማድቤት መልስ አልመጣም። እናቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣችና ሳሎኑ በር ላይ ቆመች። ለፊልም ተቀምጣ የማታውቅ ሴት ናት። አባቴ ኮቴዋን ሰምቶ በሶፋው ላይ ጠጋ አለላት፤ ተቀመጠች።

«አሳያት?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት።