ለግሸን የተሰፋ ድንኳን

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረምሶች መርሳ ላይ ከአውቶቡስ ወርደው ወደ ስፌት መኪናዬ መጡ። በጀርባ የምትታዘል ትንሽ ድንኳን ይዘዋል፤ ጠርዟ ተተርትሯል። “ወዴት ናችሁ?” አልኳቸው። “ለግሸን ነው፣ እናታችን።” ፊታቸውን አየሁ፣ ጫማቸውን አየሁ፣ የስንቃቸውን ብዛት በዓይኔ መዘንኩ። ሰፍቼ ሰጠኋቸው እንጂ አላመንኳቸውም። ልጅ ድንኳን ይዞ ግሸን እሄዳለሁ ሲለኝ ማመን ካቃተኝ ቆይቷል።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ ወንድሜ በሲሳይ ነው። ያኔ እኔ ገና ስፌት የለመድኩ ኮረዳ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የፈታ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መንደሩ ሁሉ የበቆሎ ጥብስ በሚሸትበት ሰሞን፣ አንድ ጆንያ ሙሉ የተሰባበረ ጃንጥላ ከወልድያ ተሸክሞ መጣ።

“ጨርቁን ፍቺና ድንኳን ስፊልኝ። ለመስከረም ሃያ አንድ ግሸን ልሳለም ነው” አለኝ።

ደስ አለኝ። የጃንጥላ ጨርቅ ቀላል ነው፤ ታጥፎ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ጫፍና ጫፉን እያገጣጠምኩ፣ ድርብ እያጠፍኩ እሰፋለሁ፤ እሱ ሸምበቆ ቆራርጦ በጎማ ቱቦ እየቀጠለ ምሰሶ ይሠራል፣ ከወፍራም ሽቦም ካስማ ያጥፋል።

“ስፌቱን ጧፍ እንቀባው” አልኩት አንድ ቀን። መርፌ የወጋው ቀዳዳ በሰም ካልተደፈነ ዝናብ ያስገባል።

“ተይው፣ አያስፈልግም። ይልቅ በግራና በቀኝ መስኮት አውጪለት፤ ነፋስ ይግባበት።”

እጄን ከመኪናው ላይ አነሳሁ። ግሸን ብርድ ነው፤ የመስከረም ዝናብም አይታመንም። ነፋስ ፍለጋ ግሸን የሚወጣ ማን ነው? ያን ጊዜ የመርሳ ልጆች በረሃውን አቋርጠው፣ ባሕር ተሻግረው ዓረብ አገር ይሄዱ ነበር፤ ደላሎቹም ከመናኸሪያው አይጠፉም። “ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር” ይባል የለ? ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ይከነክነኝ ጀመር። እማዬ በሶ ስታዘጋጅለት “ጨምሪበት” ይላታል። ገበያ በማይውልበት ቀን፣ ወደ በረሃው መውጫ ካለው ሐራ ገበያ ደርሼ መጣሁ ይላል። ለእማዬ እንዳልነግራት፣ ውሸት ቢሆን ወንድሜን ማማት ነው፤ እውነት ቢሆን ልቧ አይችለውም። ዝም ብዬ ሰፋሁ፤ መስኮቶቹን ግን አላወጣሁም።

ስንጨርስ እንሞክራት ብለን ግቢያችን ውስጥ ተከልናት። ጎረቤታችን እትዬ ይመኙሻል በአጥር አይተው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ።

“ውይ በሞትኩት! ማን ነው? ማን ሞተባችሁ?”

እኛ ዘንድ ግቢ ውስጥ ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነዋ። እማዬ እየሳቀች፣ “ኧረ ደህና ነን፣ እትዬ ይመኙሻል። ሲሳይ ግሸን ሊሳለም ነው” አለቻቸው።

እሳቸው አልሳቁም። የሳቸው ልጅ በዚያው በበረሃው መንገድ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ጎንበስ ብለው ድንኳኗ ውስጥ ገቡ፤ ጨርቁን ዳበሱ። ሲወጡ ሲሳይን ዓይን ዓይኑን አዩት።

“እኔ ለልጄ ድንኳን አልተከልኩም” አሉት። “መርዶ ሳይመጣ አይተከልማ። ልጅም የለኝ፣ ለቅሶም የለኝ። እናትህን እንዲህ እንዳታደርጋት፣ ልጄ።”

ሲሳይ ካስማውን መንቀል ጀመረ። ይህን ጊዜ እማዬ፣ “እኔም ግሸን አብሬው እሄዳለሁ፤ ስለት አለብኝ” አለች። ስለት እንዳለባት ሰምቼ አላውቅም።

አብረው ሄዱ። ግሸን ላይ ዝናቡ በየስፌቱ እየገባ በስብሰው አድረው፣ ሁለቱም እያሳሉ ተመለሱ። ለኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልነበረም፤ ከልቡ ግሸን ያሰበ ሰው ጧፍ ይቀባል። ሲሳይ ግን ከዚያ በኋላ ከመርሳ አልራቀም፤ ዛሬ የማንጎ ተክል ያለው፣ ጠጉሩ የሸበተ የልጆች አባት ነው።

ትናንት እኔ ቤት ራት ሲበላ ስለ ጎረምሶቹ አጫወትኩት። ከዚያም፣ “እስቲ በእማዬ አፅም፣ ያ ድንኳን የግሸን ነበር?” አልኩት።

የጎረሰውን አላምጦ እስኪጨርስ አስጠበቀኝ።

“የግሸን ነበር” አለ። ቀና ሳይል ጨመረበት፦ “እማዬ ይህን እንዳመነች ነው የሞተችው። አንቺም እመኚ።”

እሺ አልኩት፤ ወጥም ጨመርኩለት። በሕይወት ኖሮ ፊቴ ተቀምጦ የሚዋሸኝ ወንድም ስላለኝ ተመስገን ነው። የእማዬን ማመን ግን፣ እግዜር ይወቀው፣ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።