የደወሉት ብቻ ናቸው ደህና ያሉን

«ኦቦ፣ ይረጋጉ! የደወለው ሁሉ ደህና ነኝ ነው የሚለው» አለችኝ ጎረቤቴ ዘይነባ፣ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ። ይህን ስሰማ ይባስ ጨነቀኝ፤ ስልኬን አንስቼ እንደገና ደወልኩ።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የዓለም ገና መንገድ ከቀትር ጀምሮ በድንጋይ ተዘግቷል። ተኩስም ሰምተናል። ጠዋት አዲስ አበባ ለትምህርት የሄደችው የልጅ ልጄ ጫልቱ አልተመለሰችም፤ ስልኳም አይነሳም።

ጫልቱ የምታጠናው ከዋክብትን ነው። (እኔ «የሰፈሩን ጎረምሳ ቆጥረሽ ሳትጨርሺ ወደ ሰማይ ወጣሽ?» እያልኩ አበሽቃታለሁ።)

በቀደም እንዲህ አለችኝ፦ «አካኮ፣ በዓይንዎ የሚያዩዋቸው ኮከቦች አብዛኞቹ ሩቅም ቢሆኑ በጣም ደማቆቹ ናቸው። ደብዛዛዎቹ በቁጥር ይበልጣሉ፤ በቅርባችንም አሉ፤ ግን አይታዩም። በትልቅ መሣሪያ ስንቆጥርም ደማቆቹ ይበዙብናል። በታየን ብቻ ስለ ሰማዩ ሁሉ ከፈረድን እንሳሳታለን።»

«ደማቅስ እኔ አያትሽ!» ብዬ ሳቅኩባት።

ዛሬ ገባኝ። የሚደውለው ደህና የሆነው ነው። የቆሰለ አይደውልም፣ የታሰረ አይደውልም። ዘይነባ የሰማችው ደህናዎቹን ብቻ ነው።

«ያልደወሉትስ?» አልኳት።

መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ባሏ ጠዋት ዕቃ ሊያመጣ ተፍኪ ሄዷል። እሱም አልደወለም።

እዚህ ፌስቡክ ላይም «በሰላም ገባን» የሚል ሞልቷል። እሰየው፣ ደስ ይበላችሁ። ሰው ያልገባላችሁ ግን ዝም አትበሉ። እናንተም ጻፉ፤ ማንን እየጠበቃችሁ ነው? እኔ ጫልቱን።