ምላጩን የደበቅኩበት ክረምት

የጸሐፊውን ምላጭ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ያኔ ስጠየቅ አላየሁም ብያለሁ። አሁን የሚያባርረኝ አለቃ ስለሌለ እናገራለሁ።

በንጉሡ ጊዜ ነው። ዲላ ከተማ፣ የመሬት መዝገብ በሚቀመጥበት አንድ ቢሮ ዘበኛም ተላላኪም ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሰው ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ የሰው ጽሕፈት ቀስ ብዬ አነባለሁ። ከዚያ በላይ አልዋሽም።

በመዝገቡ ላይ የሚለወጥ ነገር ሲመጣ ጸሐፊው የድሮውን ቀለም በምላጭ ይፍቅና እዚያው ላይ አዲሱን ይጽፋል። እጁ ቀላል ነው፣ ጽሕፈቱም ያምራል። ችግሩ የአለቃው ቃጭል ነው። ቃጭሉ ሲጮኽ ጸሐፊው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። በዚያ ክረምት ገደብ ከሚባል አገር የመጣ የአንድ ሰው ገጽ ፍቆ፣ ሁለት ቃል እንደ ጻፈ ቃጭሉ ጮኸ። መዝገቡን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ሄደ። የዲላ ክረምት ደግሞ የታጠበ ሱሪ ሦስት ቀን የማይደርቅበት ነው። በማግስቱ ሲከፈት አሮጌው ተፍቋል፣ የአዲሱ ቀለም ሳይደርቅ ፊት ለፊቱ ያለው ገጽ ላይ ተጋብቷል። ሰውዬውን "ምስክር አምጣ" አሉት። ከምስክሮቹ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ አገር ለቋል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ሲጠመዝዝ አየሁት።

ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ትናንት የታወቀ ነገር፣ ነገም መታወቅ ያለበት ነገር፣ መሀል ላይ እንዴት ይጠፋል? ጸሐፊው ምሳ ሲወጣ በተጣለ ወረቀት ላይ እየጫርኩ መፈተን ጀመርኩ። ፀሐይ ካለ ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል። ዝናብ ካለ ገበያ ደርሼ ስመለስም ጣቴን ያጠቁራል፣ ሲያዩት ግን የደረቀ ይመስላል። ምላጭ ደግሞ አንድ ቦታ ሦስቴ ከተመላለሰበት ወረቀቱ ብርሃን ያሳልፋል። ለካ መጻፍ ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ መቅረት ሌላ ነው።

በዚህ መሀል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከጪጩ መጣች። የባሏ ወንድም "እስከ ወንዙ ያለው ቡና የእኔ ነው" ብሎ ከሷት ተፈርዶላታል። የቀረው መዝገቡ ላይ የባሏ ስም በስሟ እንዲለወጥ፣ ወንዙም ወሰን ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ሰውዬው ግን አልተኛም። አርብ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ገጹን ሊያይ ነው። ገጹ ካልተነበበ ክርክሩ እንደገና ይጀመራል፣ የእሷ ምስክር ደግሞ አልጋ የያዘ ሽማግሌ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጸሐፊው መሳቢያውን ከፈተ። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

"አንተ! ምላጬን አይተሃል?"

"አላየሁም ጌታዬ።"

"ጢምህ ግን ተላጭቷል!"

"ባለቤቴ በጠርሙስ ስባሪ ላጨችኝ።"

"ታዲያ በምን ልፋቅ? በጥርሴ?"

"ለምን ይፋቃል? አዲስ ወረቀት ላይ ይጻፉት። አሮጌው ቁጭ ይበል። አዲሱ ደርቆ ከተነበበ በኋላ ይለወጣል። እኛ ምሰሶ ስንለውጥ አዲሱን ሳናቆም አሮጌውን አንነቅልም።"

"ይሄ ጎጆ አይደለም፣ መዝገብ ነው!"

"ለእሷ ጎጆዋ ነው።"

እያጉረመረመ ወረቀት አወጣ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቃጭሉ ጮኸ። ብድግ ሲል እጅጌው የቀለሙን ብልቃጥ መታውና አዲሱ ወረቀት ጠቆረ። ሴትዮዋ ጮኸች። መዝገቡን ይዤላት ሄድኩና አማርኛ ስለማትሰማ በእኛው ባገሩ ቋንቋ "እናቴ፣ አሮጌው አለ፣ ጠብታ አልነካውም" አልኳት። ማንበብ አትችልም። እጇን ገጹ ላይ አሳርፋ ቆየች።

ጸሐፊው ተመልሶ ጠረጴዛውን አየና ሌላ ወረቀት አወጣ። ሁለተኛ ጻፈ። መስኮቱ ሥር አስጥቼ ጣቴ ሳይጠቁር እስኪመለስ ማንንም አላስነካሁም። ከዚያ እሱ አዲሱን ያነባል፣ እኔ አሮጌውን በጣቴ እከተላለሁ።

"ቶሎ በል እንጂ! እርሻ ነው እንዴ የምታርሰው?"

"አልቸኩልም።"

ሌላው ሁሉ አንድ ነው፣ የተለየው ፍርዱ ይለወጥ ያለው ብቻ ነው። አዲሱን ከአሮጌው ጎን በኮላ ለጠፈው። እኔ አለቀ ብዬ ስነሳ ሴትዮዋ ጠየቀችኝ፤

"አሁን ሁለት ሆኑ። ያ ሰው ቢመጣ እውነቱ የትኛው ነው?"

እውነቴን ነው፣ ያን አላሰብኩም ነበር። ለጸሐፊው ተረጎምኩለት። እሱም ትንሽ አሰበና ከሣጥኑ ማህተሙን አወጣ።

"የመጨረሻው ማህተም ያረፈበት ነው። እስኪመታ አሮጌው፣ ከተመታ አዲሱ።"

"እየመቱ ሳለ ቃጭሉ ቢጮኽስ?" አልኩት።

"ማህተም ግማሽ አለው እንዴ? ወይ ተመቷል፣ ወይ አልተመታም!"

ይቺን ነገር እስከ ዛሬ አላምጬ አልጨረስኳትም። መጻፍ መሀል አለው፣ መድረቅም መሀል አለው፣ ማህተም ግን የለውም። ይሄን እያሰብኩ ሳለ፣ ማህተሙ ገና አየር ላይ እንዳለ፣ ቃጭሉ ጮኸ። ሦስታችንም ተያየን።

"ይጩኽ" አለ ጸሐፊው። መታው። ከዚያ አሮጌውን እንዲነበብ አድርጎ በአንድ መስመር ሰረዘውና ወደ አለቃው በእርምጃ ሄደ።

አርብ የባሏ ወንድም ከነሽማግሌዎቹ መጣ። አዲሱ ተነበበለት። "አሮጌውን ፍቃችሁት ነው!" ሲል አሮጌውም ተነበበለት። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሱ። ሴትዮዋ ዝናቡ ሳይጀምር ልድረስ ብላ የጪጩን መንገድ ያዘች።

ሰኞ ማለዳ ምላጩን መሳቢያው ውስጥ መለስኩት። ጸሐፊው አየው፣ እኔንም አየኝ። ከዚያ እርሳሱን ቀረጸበት።