ጸበል መስሎኝ የረጨሁት ውሃ

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት ሳይንስ ውስጥ ምን ጥልቅ እንዳደረገኝ እንጃ። ጥልቅ ማለት ለምዶብኝ ነው እንጂ።

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናኖ የሚሉትን ትማራለች፤ በዓይን የማይታይ ነገር መሥራት ነው አሉ። የማይታይ ከሆነ መሥራትሽን በምን አወቅሽ እያልኩ አሾፍባት ነበር። ለልውውጥ የመጣች አንዲት ፈረንጅ ተማሪ ቀራንዮ እኛ ቤት አርፋ፣ ሁለቱ ስንት ወር ለፍተው ከቅጠል አንድ ውሃ ሠሩ። መምህራኑ ፊት ቀርቦ ከተወደደ የኔዋ በተራዋ ፈረንጇ አገር ሄዳ ትማራለች። ካልሆነ ቀረች።

የፈተናው ዋዜማ ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ አምጥተው፣ እዚህ ማንም አይነካውም ብለው ቁምሳጥኑ ላይ ከጸበሌ አጠገብ አስቀመጡት። እኔ ደግሞ ጠዋት ተነስቼ እንደ ልማዴ ፊቴን፣ በሩን፣ አልጋውን ረጨሁ። የኔዋንም ቦርሳ፣ ይቅናት ብዬ።

ለባብሰው ሲመጡ ጠርሙሱ ጎድሏል። የኔዋ አላለቀሰችም፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ፈረንጇ መጋረጃውን ዘግታ፣ ውሃቸው ያረፈበትን የምታሳይ፣ ወይን ጠጅ ብርሃን ያላት ትንሽ ባትሪ ፊቴ ላይ አበራች።

"እምዬ፣ መስታወት እንዳታዪ" አለችኝ የኔዋ።

አየሁ እንጂ። ፊቴ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ዓይኖቼ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ። ከፍነን ያወጣናትን እናቴን መሰልኩ። ልስቅ ብል ሳቄ አልወጣ አለ።

ባትሪዋ ዞረች። በሩ ላይ ጠብታ፣ አልጋው ላይ ጠብታ። ከበሩ ጀርባ የሟቹ ባሌ ኮት እንደተሰቀለ ነው፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ትከሻው ላይ አምስት ጣት ቦግ ብሏል። እጄን ለካሁበት፤ አነሰ። ልጆቹም ተራ በተራ ለኩ፤ የነሱም አነሰ።

ፈረንጇ ባትሪዋን አጠፋች፤ መጋረጃውን ግን ደፍሮ የሚከፍት ጠፋ።

በኋላ የተረፈችውን ይዘው በታክሲ በረሩ። ውሃዋ ለጥቂት በቃች፣ የኔዋም አለፈች። ባለፈው ሳምንት ሸኘናት።

ባለሱቋ ጎረቤቴ እንኳን ደስ ያለሽ ልትለኝ ስትመጣ ውሃውን ከመርጨቴ ጀምሬ የኮቱን ጉድ ነገርኳት። ሰውዬው ልጅቷን ሊሸኝ መጥቶ ነው ወይስ አትሄድም ሊል፣ ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳት። ኮቱን ቆማ አየችው፣ ከዚያ እኔን።

"ሟቹን ተዪው" አለችኝ። "ልጅቷን ልታስቀሪያት የነበርሽው አንቺ ነሽ።"