የሚጮኸው ጓንት

ሴትሱኦ ኩራሞቺ ከሐምሌ ወዲህ የሩዝ ሳህኑን ከገበታው ላይ አንስቶ አያውቅም። በጃፓኗ ሞሪዮካ ከተማ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ይቅርና ሕፃን ልጅም ቢሆን ሳህኑን በግራ እጁ ወደ አፉ አስጠግቶ ነው የሚበላው። እሱ ግን ሳህኑን እዚያው ባለበት ትቶ አንገቱን ይደፋል።

ሚስቱ ያሱኤ መጀመሪያ ሰሞን ዝም አለች። ቀጥላ ሳቀችበት። ዛሬ ጠዋት ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ውሻ እንኳ እየበላ አልፎ አልፎ ቀና ይላል» አለችው፣ ሾርባውን ፊቱ እያስቀመጠች።

«ወገቤን አሞኝ ነው።»

«ወገቡን ያመመው ሰው ነው የሚያጎነብሰው?»

ሴትሱኦ ሩዙን አላመጠ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ዛሬ በሜዳችን የመጨረሻው ጨዋታ ነው፣ ያሱኤ። ከዚያ በኋላ አሳይሻለሁ።»

«እሺ። ጣትህ ከጓንቱ ጋር አብሮ ካልወለቀ እናያለን።»

ሴትሱኦ የሞሪዮካ ቀበሮዎች በሚባል የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ተቀባይ ነው። ሕዝብ የሚያየው፣ ስሙ በሰሌዳ ላይ የሚበራለት ተቀባይ ግን አይደለም። እሱ ያለው ከስታዲየሙ መቀመጫዎች በታች፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ ረጅም ክፍል ውስጥ ነው። ወርዋሪዎች ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት ክንዳቸውን የሚያሟሙቁት እዚያ ነው። እነሱ ይወረውራሉ፤ እሱ ቁጢጥ ብሎ ይቀበላል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ቁጢጥ ይላል። ከሩቅ ሲያዩት ሥራው ቀላል ይመስላል። ጉልበቱ ግን ሌላ ነው የሚናገረው፤ ደረጃ በወጣ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል።

ደግሞም ዋናው ሥራ መቀበሉ አይደለም፤ ማስጮኹ ነው። ኳሷ ከጠቋሚ ጣት ሥር ባለችው የጓንቱ ጉድጓድ ላይ በትክክል ካረፈች ወፍራሙ ቆዳ «ጧ!» ይላል። ጣሪያው ድምፁን ተቀብሎ ያባዛዋል፤ የወርዋሪው ደረት ይነፋል። ክንዴ ዛሬ ሰላም ነው ይላል በልቡ። ትንሽ ወደ ጓንቱ ጫፍ ከሸሸች ግን «ጥፍ» ትላለች፣ እርጥብ ፎጣ መሬት ላይ እንደወደቀ። ኳሷም ክንዱም ያው ነው። ወርዋሪው ግን ትከሻውን እያሻሸ ሜዳ ይወጣል፤ እንደፈራውም ኳሱ በመቺዎቹ ዱላ ይመታበታል።

ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ አይሞቅም፣ እርግጥ ነው። አንዱ ቃል ከተነገረው ይረበሻል፤ ለእሱ ዝም ነው። ሌላው ካልተሰደበ ደሙ አይንቀሳቀስም፤ «አያትህ ከዚህ የተሻለ ትወረውራለች» ሲሉት ነው ዓይኑ የሚበራው። ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ የመጣ ወርዋሪ ኳሱን ሁሉ ከፍ ያደርጋል፤ ሴትሱኦ ይህን የሚያውቀው ማንም ነግሮት ሳይሆን እየተነሣ መቀበል ስለሚሰለቸው ነው።

ለነገሩ በራሱም ደርሶበታል። በሃያ ሁለት ዓመቱ ሜዳ ላይ ከሚታዩት ተቀባዮች አንዱ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። አንድ ቀን ኳሷን ለወርዋሪው ሲመልስ በጭንቅላቱ ላይ አሳለፋት፤ በዚያች ስሕተት ጨዋታው ተበላ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕዝብ ፊት ኳስ መመለስ፣ ሕፃን እንኳ የሚችለው ነገር፣ አቃተው። ክንዱ መሐል ላይ ደርሶ እንጨት ይሆናል። ተመልካች በሌለበት ክፍል ግን ኳሱ እንደ ክር ቀጥ ብላ ትሄዳለች። «ተረጋጋ» አለው አሰልጣኙ። «ተረጋጋ» አለው አባቱ። የማያውቀው የታክሲ ሾፌር ሳይቀር በመስታወቱ እያየው «ተረጋጋ» አለው። ተረጋጋ ተብሎ የተረጋጋ ሰው ካለ እስቲ ይምጣ!

እንዲህ ሆኖ ነው ከመሬት በታች የቀረው። እሱም በዕድሜው ለማንም «ተረጋጋ» ብሎ አያውቅም። «ግሩም ኳስ!» ነው የሚለው። መሬት ገጭታ ለመጣችውም፣ ጣሪያ ልትነካ ለደረሰችውም፣ ከዚያ ክፍል የሚሰማው የሱ ድምፅ ያው ነው፦ «ግሩም ኳስ!»

ከወርዋሪዎቹ ሁሉ ረጅም ጊዜ አብሮት የኖረው ታሞትሱ ሂሩካዋ ነው። ሲመጣ ፊቱ በብጉር የተሞላ ጎረምሳ ነበር፤ አሁን ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሁለት ጊዜ ተቀዷል። ከአምና ጀምሮ ኳሱ ሞታለች። ይህን የሚያውቀው ሴትሱኦ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሴትሱኦ ያስጮኻታል። የሞተችውን ኳስ ጓንቱን ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርጎ፣ በዚያችው ከጣቱ ሥር ባለች ቦታ ሲቀበላት፣ «ጧ!» ትላለች፤ ሂሩካዋም እንደ ድሮው ሆኖ ይወጣል። የሚገርመው ደግሞ እንደ ድሮው ሆኖ ይሠራል።

ዋጋው ግን ከጣቱ ላይ ተቆረጠ። በሐምሌ ጠቋሚ ጣቱ ደነዘዘች፤ በነሐሴ ነጣች፤ ትናንት በልምምድ ላይ አንዲት ኳስ አናቷን ስትላት አብጣ ጠቆረች። የዛሬን ብቻ ብሎ በፋሻ ጠቀለላት። የቡድኑ ቢሮ የሂሩካዋን የሚቀጥለውን ዓመት የሚወስነው ዛሬ ከሰዓት አይቶት ነው። ወይ ወርዋሪ ሆኖ ይቀጥላል፣ ወይ የአማቱ የፖም እርሻ ውስጥ ቅርጫት ይሸከማል።

ጨዋታው በቀን ነበር። ቀበሮዎቹ በአንድ ነጥብ እየመሩ ወደ መጨረሻው አካባቢ ሲደርሱ፣ የደረቀ ዓሣ ከአፉ የማይለየው የወርዋሪዎቹ አሰልጣኝ ኦጋሳ፣ «ሂሩካዋ፣ ተነሥ» አለ።

ሂሩካዋ ወረወረ። ሴትሱኦ ለጣቱ ፈርቶ ኳሷን በጓንቱ ጫፍ ተቀበላት።

ጥፍ።

ሁለተኛዋም ጥፍ። ሦስተኛዋም።

ነገር ግን ሴትሱኦ ቁጢጥ ባለበት ደንግጦ ቀረ። ኳሷ ሕይወት ነበራት! መጨረሻዋ ላይ ሽቅብ የምትል የምትመስል፣ የዛሬ አሥር ዓመት የሚያውቃት ኳስ ናት። ከየት እንደመጣች እግዜር ይወቅ፤ ምናልባት ሰውየው ሌሊቱን በደንብ ተኝቶ ይሆናል፣ ምናልባት ክንድም እንደ ሰው የመጨረሻዋን ቀን ያውቃል።

«ግሩም ኳስ!» ብሎ ጮኸ። ከልቡ ነበር።

ሂሩካዋ የወረወረበትን እጁን እያገላበጠ ያየዋል። «ኳሴ ዛሬም የለችም፣ አይደል?»

«አለች እንጂ! ግሩም ኳስ ናት!»

«ሴትሱኦሳን፣» አለ ሂሩካዋ፣ እንደ አገሩ ወግ በ«ሳን» እያከበረው፣ ድካም በተጫነው ድምፅ፣ «ዛሬ እንኳ እሱን ነገር ይተዉልኝ። ባለፈው ሳምንት እግሬ ላይ ለወደቀችውም ግሩም ብለዋታል።»

«ያቺኛዋ ሌላ ናት...»

«ድምፁን እኔም እሰማለሁ እኮ።»

ኦጋሳም እየሰማ ነበር። ዓሣውን ማኘክ አቆመ። «ድምፁ ሞቷል» አለ። «ሌላ ሰው ላዘጋጅ?»

የሂሩካዋ ትከሻ ወረደ። ቀጣይዋ ኳስ ከበፊቶቹ ደከመች፤ ተከታይዋ ከዚያም ባሰች። ሴትሱኦ ዓይኑ እያየ ያቺ ሕያው ኳስ እየሞተች ነበር። የገደላት ደግሞ የሱ ጓንት ነው።

ጥርሱን ነክሶ ጓንቱን ወደ ድሮው ቦታው መለሰ። ኳሷ መጣች፤ ከጣቱ ሥር አረፈች። «ጧ!» አለች፤ ሕመሙ እንደ መብረቅ እስከ ብብቱ ወጣ፤ ኳሷም ከጓንቱ ተንሸራታ መሬት ላይ ተንከባለለች።

ከዚያ በፊት ከሴትሱኦ እጅ ኳስ ሲወድቅ ያየ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም።

«ምን ሆኑ?» አለ ሂሩካዋ።

ሴትሱኦ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ደክሞታል። ማስጮኽም፣ መደበቅም፣ ግሩም ማለትም ደክሞታል። ጓንቱን አወለቀ፤ ፋሻውን ፈታ፤ ጣቱን ለሁለቱም አሳየ። የተበላሸ ደበርጃን ነበር የምትመስለው።

«የሞተችው ይቺ ናት» አለ። «ኳስህ አይደለችም።»

ኦጋሳ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱን አዞረ። «በዚህ እጅ ነው ስትቀበል የከረምከው? አብደሃል?»

«ከሐምሌ ጀምሮ ደንዝዛ ነበር፤ ትናንት ደግሞ ተመታች። ዛሬ ፈርቼ በጫፍ ነው የተቀበልኩት፤ ለዚህ ነው የማይጮኸው። ታሞትሱ፣ ስማኝ። በነሐሴ የጮኸው ጓንቴ ነው፤ ኳስህ አልነበረችም። ዛሬ ግን ጓንቴ ዝም ብሏል፤ የምትመጣው ኳስህ ናት።»

ሂሩካዋ ቀስ ብሎ ተጠጋው። «ስለዚህ በነሐሴ ሲዋሹኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ያንን ግዙፍ መቺ ዱላውን ሦስት ጊዜ በባዶ አስወዝውዤ የሸኘሁት ቀንስ?»

«ያን ቀንማ ኳስህ ቶፉ ነበረች።»

«ቶፉ?»

«ለስላሳው የአኩሪ አተር አይብ። በማንኪያ የሚበላው ዓይነት።»

ሂሩካዋ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሴትሱኦ አንገቱን ደፋ፤ ይህን ሰው አሁን ሰበርኩት ብሎ አሰበ። ቀና ሲል ግን ሂሩካዋ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ያንን ግዙፍ ሰውዬ በቶፉ...!» አለ። «ታዲያ ማን ሸኘው?»

«አንተ ነሃ! እኔማ እዚህ ቁጢጥ ብዬ ነበር።»

ስልኩ ጮኸ። ከላይ፣ ከዋናው አሰልጣኝ ነው። ኦጋሳ አንሥቶ አዳመጠ፤ ሂሩካዋን አየው፤ መሬት ላይ የተቀመጠውን ሰውዬና ጣቱን አየ።

«ኳሷ እውነት አለች?» አለው ሴትሱኦን፣ የስልኩን አፍ በእጁ ሸፍኖ።

ሴትሱኦ «ግሩም» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። «አለች» አለ ብቻ።

«ይወጣል» አለ ኦጋሳ ለስልኩ።

በዚያ ክፍል ጥግ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፤ ሥዕሏ ሁልጊዜ ይዘገያል። መጀመሪያ የሕዝቡ ጩኸት በኮንክሪቱ አልፎ ከአናት ይመጣል፤ ምን እንደሆነ በሥዕል የሚታየው ቆይቶ ነው። ሴትሱኦ እጁን በበረዶ ባልዲ ነክሮ ጣሪያውን ማዳመጥ ጀመረ።

ጣሪያው አቃሰተ። ቆይቶ ሥዕሉ አሳየ፤ መቺው ኳሷን አግኝቷት ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሮጧል። ቀጥሎ ጣሪያው አጉረመረመ፤ ኳሷ አራት ጊዜ ከዒላማዋ ስለወጣች ሁለተኛው መቺም በነፃ አለፈ። ኦጋሳ ዓሣውን ተፋና እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ።

«ትንሽ ይቆዩ» አለ ሴትሱኦ።

«ምን ልጠብቅ?»

በሥዕሉ ላይ ሂሩካዋ ኳሷን ይዞ ቆሟል። የገዛ ጠቋሚ ጣቱን ቀና አድርጎ አየ፤ ከዚያም በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል፣ ሁለት የተቃራኒ ሯጮች ከጀርባው ቆመው፣ ለብቻው ፈገግ አለ። የቴሌቪዥኑ ተናጋሪ ግራ ገብቶት፣ «ምን ታይቶት ይሆን?» አለ። ይህ ሲታይ ግን ጣሪያው አስቀድሞ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ወዲያው የእልፍ ሰው እግር ከላይ ረገጠው፤ አቧራ ከመብራቱ ላይ ረገፈ። ሴትሱኦ ዓይኑን ጨፈነ። ሥዕሉ እስኪደርስ መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ደስታ ምን እንደሚመስል ከሥር ሆኖ ያውቀዋል። ሲገልጥ ኳሷ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች ነበር፤ ተከላካዩ አፈሳት፤ አንድ ተቃራኒ ከጨዋታ ወጣ፣ ሁለት ወጣ። የቀረውን መቺ ሂሩካዋ በሁለት ኳስ ብቻ አስወጣው፤ መሪነታቸውም ተጠበቀ።

ኦጋሳ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ነገ ሐኪም ጋ» አለው ሴትሱኦን። «ከዚያ ቢሮ ትመጣለህ። ጓንቱን እዚሁ ተወው።»

«እሺ» አለ ሴትሱኦ። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል። ሊያዝን ፈለገ፤ ግን ለዚያም አቅም አልነበረውም።

ሊመሽ ሲል ሴትሱኦና ሂሩካዋ ከስታዲየሙ ጀርባ ካለችው፣ ፓስታ መሰል ቀዝቃዛ ኑድል ከሚሸጥባት ቤት ገቡ። ሂሩካዋ ቀኝ ትከሻው ላይ በረዶ ታስሮበት አንድ ጎኑ ገዝፏል፤ ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሣት አይችልም። ቢሮው ገና ምንም አላለም። የምግብ ቤቷ እመቤት ሁለት ትላልቅ ሳህን አስቀመጠችላቸው። ሁለቱም ሳያነሡ አንገታቸውን ደፍተው መሳብ ጀመሩ።

«ምንድን ናችሁ እናንተ?» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እጅ የላችሁም?»

«የለንም» አለ ሂሩካዋ ከሳህኑ ውስጥ።

ከዚያም ቀና ሳይል ጠየቀ። «ሴትሱኦሳን፣ ያቺ የተንከባለለችው ኳስ እንዴት ነበረች?»

ሴትሱኦ አላመጠ፤ ዋጠ። «ትንሽ ከፍ ብላ ነበር። መቺው ነው የቸኮለው።»

ሂሩካዋ ይህን እንደ ሙገሳ ተቀብሎ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለና፣ በግራ እጁ የሴትሱኦን ሳህን ወደ አፉ ቀረብ አደረገለት።