የኢቲቻ ሳጥን

መቱ ውስጥ የጎንፋን ስም ሳነሳ ሰው ሁሉ «ያ ቁጡው አናጢ?» ይለኛል። አዎ፣ ያ ቁጡው። እኔ ግድግዳ ለግድግዳ የተጎራበትሁት ልብስ ሰፊ ነኝና ጩኸቱን ከማንም በላይ ሰምቻለሁ። ማን አስቆጣው ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር፤ መሀል ላይ ድምፄ ከፍ ቢል አትፍረዱብኝ።

የጎንፋ እንጀራ በርና መስኮት፣ አልጋና የሬሳ ሳጥን ነበር። ልቡ ግን አሮጌ የመሣሪያ ሳጥን ላይ ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ በየከተማው ተበትኖ የቀረውን የአናጢና የመካኒክ ሳጥን እየዞረ ይለቅም ጀመር። ኡካ ላይ ዶሮ የታቀፈችበትን አገኘ። ጎሬ ላይ ቸርቻሪ ጨው የሚሰፍርበትን አገኘ። ጣሊያን መንገድ ሲሠራ ጥሎት የሄደውን የብረት ሳጥን ደግሞ ከእበት ጉድጓድ ውስጥ ጎትቶ አወጣ። ስለ ዋጋ መከራከሩን ትቶ ባለቤቶቹን ይሳደባል። «መሣሪያ የሚተኛበት ላይ ዶሮ ታስፈለፍላላችሁ? በአልጋችሁስ ላይ ለምን አትሆንም?» ይላቸዋል። ሰዎቹም ከስድቡ ለመገላገል ሳጥኑን ይሰጡታል።

ቤቱ አምጥቶ ዝገቱን በአመድና በኑግ ዘይት ያሻል። የበሰበሰውን ሳንቃ ነቅሎ በዋንዛ ይተካል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፤ በመጨረሻም የያዮ ሰም አቅልጦ ያጠጣዋል። ከዚያ ይሸጠዋል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የማን ነው ሲሉት «የባለቤቱ ነው» ይላል፤ ሌላ መልስ የለውም። ባለቤት ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ግን አላየሁም። ሚስቱ ዘውደነሽ ገና ከጓዳ ስትወጣ ጉልበቷን ከሳጥን ጋር ታጋጫለች። «የሌላዋ ጣውንት ሰው ነው፤ የኔ ሳንቃ ነው» ትለኝ ነበር። ከተማው ደግሞ «የባዶ ሳጥን ባል» የሚል ስም አወጣለት።

አሁን ወደ ኢቲቻ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ነው። ጎንፋን ሙያ ያስተማረው ኢቲቻ ነው። መሮውን፣ መላጊያውን፣ የመጥረቢያውን ብረት ሳይቀር ራሱ ቀጥቅጦ ያወጣና በዚያው መሣሪያ ደግሞ እንጨት ይሠራል። ወገኑ ቀጥቃጭ ነው፤ ኦሮሞው ቱምቱ ይለዋል። አገራችንን ታውቋታላችሁ። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቀጥቃጩን ቡዳ እያለች አንዱ የሠራውን ትለብሳለች፣ ሌላው በሳለላት ማረሻ ታርሳለች። እኔም መርፌ ይዤ ስላደርኩ የድርሻዬን ቀምሻለሁ። የጎንፋ አባት ደህና መሬት ያላቸው ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ከኢቲቻ ገበታ እንደሚቆርስ የሰሙ ዕለት በገዛ ቤታቸው ሌላ ሰው የማይጠጣበት ዋንጫ ለዩበት። ጎንፋም ዋንጫውን እደጃፋቸው ላይ ሰብሮ ወጣ፤ ሁለተኛ አልተመለሰም።

የደብራችንን በር የሠራው ኢቲቻ ነው። ሳንቃውም የእሱ፣ ማጠፊያውም መወርወሪያውም የእሱ ነው። ጠላት በወጣ በማግሥቱ ዓመት ሲሞት ግን በዚያ በር አላስገቡትም። የዛሬው አለቃ ደርበው ያን ጊዜ ገና ቄስ ነበሩ። «ስመ ክርስትናውን የሚያውቅ ምስክር ይምጣ» አሉ። ክርስትና ያነሱት ሰው በወረራው ሞተዋል፤ አጥማቂው ቄስም የሉም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። የማን ስመ ክርስትና መቼ ተጠይቆ ያውቃል? በዚያው ሳምንት አንድ ሌባ ሞቶ ሳይጠየቅ ውስጥ ተቀብሯል። ኢቲቻን ከአጥሩ ውጭ፣ ወደ ሶር ወንዝ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ቀበሩት። ጎንፋ ነው የቆፈረው። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ።

ኢቲቻ ሊሞት ሲል «ሳጥኔን ለሻሽቱ ስጥልኝ» ብሎት ነበር። ሻሽቱ ያኔ ጡት ያልተወች ልጁ ናት። ነገር ግን ሐዘንተኛው ሳይበተን ዘመድ ነኝ ያለ ሁሉ መሣሪያውን ተቀራመተው። እናትየው ልጇን አዝላ ቡሬ ወገኖቿ ዘንድ ገባች። ሳጥኑም የት እንደገባ ጠፋ። ጎንፋ ያን ሁሉ የሳጥን መዓት የሰበሰበው ያንን አንዱን ሲፈልግ ኖሮ ነው። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ለእኔም ለሚስቱም። ቁጣውን እንጂ ሐሳቡን ለሰው የሚያካፍል ሰው አልነበረም።

ዓመታት አለፉ፤ እኔም ሸበትኩ። በመጨረሻ የኢቲቻን ሳጥን ያዮ ጫካ ውስጥ አንድ ንብ አናቢ ቤት ማር ተሞልቶበት አገኘው። ክረምቱን በሙሉ በዚያ ሳጥን ላይ ተደፍቶ ከረመ። ውስጡ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በልኩ የተፈለፈለ ማደሪያ አለው። መጋዙ የሚጋደምበት፣ መዶሻው እስከ እጀታው የሚገባበት፣ መሮዎቹ ከትልቁ እስከ ትንሹ የሚሰለፉበት አለ። ማሩ ደርቆ ሁሉንም ደፍኖታል። በሙቅ ውኃና በጥፍሩ እየፈለቀቀ አጸዳው። መሣሪያዎቹን ባለፉት ዓመታት ከየዘመዱ እጅ አንድ በአንድ አስመልሶ ኖሯል፤ አሁን እያንዳንዱን በቦታው አስተኛው። መስቀል ሲደርስ ጠርቶ አሳየኝ። «የማን ነው?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ። «የባለቤቱ ነው» አለ። ሳይቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው ክረምት ዘውደነሽን ወባ ይዟት ከሞት አፋፍ ደርሳ ነበር። ትኩሳቱ ሲበረታባት «ከተነሳሁ ከቤቴ ካለው የሚበልጠውን እሰጣለሁ» ብላ ለታቦቱ ተሳለች። መሳሏን ነገረችው። ምን እንደምትሰጥ ግን እሷም ገና አልቆረጠችም ነበር፤ እሱም አልጠየቃት። በኅዳር መንገዱ ሲደርቅ ጎንፋ «ቡሬ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ በጭነት መኪና ሄደ። ሻሽቱን ሊያመጣ ነው የሄደው። እሱ ቡሬ እያለ የታቦቱ ዓመታዊ በዓል ደረሰ።

ሰው ጥላም ምንጣፍም ጧፍም ይዞ ወደ ደብሩ ሲጎርፍ ዘውደነሽ ቤቷን ቃኘች። ያላት መደብ፣ ሁለት ድስትና የሳጥን ክምር ነው። የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ለመለየት አልተቸገረችም። መሣሪያዎቹን አውጥታ በነጠላዋ ጠቀለለችና ሳጥኑን አሸክማ ሄደች። በእሷ ልፈርድ አልችልም። ስትረግመው የኖረችውን ሳንቃ በእግዚአብሔር ፊት «ካለኝ ሁሉ ይበልጣል» ብላ ነው የሰጠችው።

ጎንፋ ከሻሽቱ ጋር ሲመለስ እንግዳዋን ሰላም ልል ገብቼ ነበር። ሻሽቱ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ባሏም ቀጥቃጭ ነው። ጎንፋ ቀጥ ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ባዶ እጁን ወጣ። «የኢቲቻ ሳጥን የት ሄደ?» አለ።

«ስለቴን አገባሁ» አለች ዘውደነሽ። «የሞተ ሰው ሳጥን ለእግዚአብሔር ቢሄድ ማን ይከፋዋል ብዬ ነው።»

«ባለቤቷ ይህች ናት» አለ ሻሽቱን እያሳያት። ቤቱን የሚያፈርስ ጩኸት ስጠብቅ ጎንፋ የጣሊያኑ የብረት ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ዘውደነሽ ከሻሽቱ እግር ስር ወድቃ አለቀሰች። ሻሽቱ ደግፋ አነሳቻት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጎንፋ፣ ሻሽቱና እኔ ወደ ደብሩ ሄድን። ጎንፋ ያን በሰም የሚያበራ የብረት ሳጥን ተሸክሟል፤ ሊለውጥ ነው። የኢቲቻ ሳጥን በሩ አጠገብ በጉልህ ተቀምጧል፤ የምጽዋት ሳጥን አድርገውታል። ክዳኑን በደነዘዘ መሮ ቀድደው ሳንቲም ማስገቢያ አውጥተውለታል፤ አፉ አይጥ የበላው ይመስላል። ጎንፋ አጎንብሶ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«ማደሪያዎቹስ?» አለ።

አለቃ ደርበው መስቀላቸውን እንደያዙ መጡ። «ያ ውስጡ ያለው ዝባዝንኬ ሳንቲም ሲሰውርብን ነቀልነው። ቤተልሔም ውስጥ ነድዷል» አሉ። የቁርባኑ ኅብስት በሚጋገርበት ቤት ማገዶ አደረጉት ማለታቸው ነው።

«አባ፣ ሳጥኑ የሚስቴ አልነበረም። ለዚች ልጅ አደራ ነው። ይኸው በምትኩ ከእሱ የጠነከረ አምጥቻለሁ፤ እባክዎ ይለውጡኝ።» ጎንፋ ለሰው እባክህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«ለታቦት የገባ አይወጣም ልጄ። ስለት አይለወጥም።»

«የገባ አይወጣም» አለ ጎንፋ፤ ያን ጊዜ የማውቀው ድምፁ ተመለሰ። «ያልገባውስ? በሩን ሠርቶ በበሩ ያላስገባችሁትስ? ኢቲቻን ከአጥር ውጭ ጣላችሁት። እጁ የነካው ሳንቃ ግን ለሳንቲም ሲሆን ከደጀ ሰላሙ አልፎ ገባ። ሳጥኑን ስመ ክርስትናህ ማነው ብላችሁ ጠይቃችሁታል?»

ምእመኑ ከበበን። አለቃው ፊታቸው ጠቆረ። «ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው፤ አትጩህ» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ሻሽቱ የተናገረችው፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ጋሼ ጎንፋ፣ ይተዉት። ማደሪያው ከነደደ ሳንቃውን ምን ላደርገው?» አለች። እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈችና ለቆመው ሁሉ በኦሮምኛ «ከን አባ ኮቲ» አለች። የአባቴ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በማግሥቱ የአባቷን መሣሪያ በዚያው በዘውደነሽ ነጠላ እንደታሰረ በራሷ ተሸክማ ወደ ቡሬ ሄደች። ጎንፋ አዲስ ሳጥን ልሥራልሽ ቢላት አልፈለገችም።

ከዚያ እሁድ ጀምሮ ጎንፋ ቅዳሴ ሲያልቅ ከሳጥኑ አጠገብ የሚቆም ሆነ። ሳንቲም ለሚጥለው ሁሉ «የኢቲቻ ነው» ይላል፤ እንደ ሰውየው ቋንቋ በአማርኛም በኦሮምኛም። ሌላ ቃል አይጨምርም። መጀመሪያ ሰው ሸሸው፤ ቀጥሎ ሳቀበት፤ ኋላ ለመደው። አለቃው ሊያስባርሩት አስበው ነበር፤ ነገር ግን ምን ሠራ ብለው ያባርሩታል? ብሩ ቀዳዳው ላይ እየተቀደደ ሲያስቸግራቸው «ክዳኑን አስተካክልልን» ብለው ላኩበት። «የቀደደው ይስፋው» ብሎ መለሰ። በሕይወቱ አንድ ሳጥን ሳይጠግን የተወው ያንን ብቻ ነው።

እንዲህ እንዲህ ሲባል ስሙ ከሳጥኑ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ሴቶቹ «ቆይ፣ ኢቲቻ ውስጥ ልጣል» ይላሉ። ዲያቆናቱም «ኢቲቻ ሞልቷል» ይባባላሉ። ኢቲቻ ማን እንደነበር የማያውቁ ሁሉ ይጠሩታል። አንድ የበዓል ቀን አለቃ ደርበው ራሳቸው ስብከታቸውን ሲጨርሱ «ምእመናን፣ ስትወጡ ኢቲቻን እንዳትረሱ» አሉ። ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ደነገጡ፤ ግን ወጥቷል። እኔ ደስ ብሎኝ ጎንፋን በክርኔ ነካሁት። እሱ ግን ፊቱ እንደ ከሰል ነበር። «ለሳንቲም ጠሩት» አለኝ ስንወጣ። «ለነፍሱ አልጠሩትም።»

ጎንፋ የሞተው ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነው። አለቃ ደርበው ለቅሶ ቤት መጡ፤ አርጅተው በዘንግ ነው የሚሄዱት። የሰው ሐሜት ሳይከብዳቸው አልቀረም፤ ከቤተ መቅደሱ ጎን ጥሩ ቦታ እንዳስቆፈሩለት ለዘውደነሽ ነገሯት።

«አይሆንም አባ» አለች። «ጎንፋ ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ከኢቲቻ አጠገብ። እንደ እኔ እሱም እዚያ ልቀበር ብሎ ተስሎ ነበር።»

«እንዲህ ያለ ስለት የለም ልጄ። ውስጥ ይሻለዋል።»

ዘውደነሽ ከመደቡ ላይ ተነሳች። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አለቻቸው። «ስለት አይለወጥም።»